ወደ አውበሬ የሄደችው ደመና

የቲያትር ክበቤን የጀመርኩ ቀን መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ባዶ እጄን ብርጭቆ እንደያዘ ሰው ጨብጬ ልጆቹ ፊት መቆም ነበር። የመጨረሻው ደወል ተደውሎ ግቢው ፀጥ ብሏል። ክፍሉ ውስጥ የቀሩት አሥራ አንድ የአራተኛ ክፍል ልጆች ናቸው። መስኮቶቹ መስተዋት ስላልነበራቸው የጅግጅጋ ነፋስ እንደ ቤተኛ ይገባል፣ ይወጣል፤ ሲወጣም ከሰሌዳው ላይ የጠመኔ ብናኝ ይዞ ይሄዳል።

«ይህ ሻይ ነው» አልኳቸው። «አሁን ከእሳት ላይ የወረደ ነው፤ ያቃጥላል። ሳታፈሱ አጠገባችሁ ላለው አቀብሉ።»

ሳቁ። የመጀመሪያው ልጅ ተቀብሎኝ እየሳቀ ለጎረቤቱ ሰጠ። ሁለተኛዋ እፍ አለችበት። ሦስተኛው በሹራቡ እጅጌ ያዘው። አራተኛው ጋ ሲደርስ የሚስቅ አልነበረም፤ ሁሉም አንገቱን አስግጎ የሌለውን ብርጭቆ በዓይኑ ይከተላል። ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ እኔም ራሴ እንፋሎቱ የታየኝ መሰለኝ።

መጨረሻ ላይ፣ መስኮቱ ሥር፣ አንዲት ቀጭን ልጅ ተቀምጣለች። የሚያቀብላትን ልጅ መዳፍ አየች፤ ከዚያ እኔን አየች።

«ቲቸር፣ ምንም የለም» አለች። «እጁ ባዶ ነው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እንፋሎቱ ጠፋ።

«አውቃለሁ። ግን እንዳለ አድርገን ነው።»

«ለምን?»

በድፍረት አልነበረም የጠየቀችኝ። በእውነት ማወቅ ፈልጋ ነው። ስንት ዓመት አስተምሬ እንዲህ ያለ «ለምን» የገጠመኝ ጥቂት ጊዜ ነው። «አስቤ በሚቀጥለው ሳምንት እነግርሻለሁ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ እንደምትጠብቀኝ ገባኝ።

ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ጅግጅጋ ነው። አባቴ በወጣትነቱ ከሸዋ ጨርቅ ተሸክሞ መጥቶ፣ ገበያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ ከፍቶ፣ በዚያው የቀረ ሰው ነበር። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ሶማሊኛ እየሰማሁ ስላደግሁ በልጅነቴ ቋንቋ የሚቀየረው በሩ ላይ ነው ብዬ አስብ ነበር። አድጌ የአማርኛ መምህርት ሆንኩ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ልጆች ሁሉንም ትምህርት በሶማሊኛ ይማራሉ፤ አማርኛ ከትምህርቶቹ አንዱ ብቻ ነው። ደብተራቸው ላይ ቆንጆ አድርገው ይጽፉታል። መንገድ ላይ አግኝቼ «እንዴት ዋላችሁ?» ስላቸው ግን መሬት መሬት ያያሉ። በኮሮና ወረርሽኝ ተዘግቶ የነበረው ትምህርት ቤት ሲከፈት ደግሞ ያችኑ ትንሽ ድምፃቸውን ጭምብላቸው ውስጥ ውጠው መጡ።

እኔ ቲያትር ያየሁት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ነው፤ ተማሪ ሳለሁ፣ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ሄጄ። ታሪኩ ምን እንደነበር ዛሬ አንዲት ነገር አላስታውስም። የማስታውሰው አንዲት ተዋናይት ፊቷን ቀስ ብላ ወደ ግራ ስታዞር አዳራሹ ሙሉ ሰው አብሯት መዞሩን ነው። ያ ነገር ዓመታት ሙሉ ውስጤ ሲዞር ኖረ። አንድ ቀን ተነሥቼ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁና የቲያትር ክበብ ላቋቁም አልኩ።

«ቲያትር?» አለ፤ «አዳራሽ እኮ የለንም።»

«አዳራሽ አያስፈልግም።»

«መጋረጃስ?»

«መጋረጃም አያስፈልግም።»

«ታዲያ ምኑ ነው ቲያትር የሚሆነው?» ብሎ ሳቀ። ደግ ሰው ስለነበረ ፈቀደልኝ። አንድ ነገር ብቻ አሳሰበኝ፤ ወላጅ ነገር እንዳያወራ የሶማሊኛው መምህር አብረውኝ እንዲቀመጡ።

የሶማሊኛው መምህር ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ዓመት የቀራቸው፣ ጢማቸውን በሂና የሚያቀሉ፣ ከዘራ የማይለያቸው ሽማግሌ ነበሩ። እኛ መምህራኑ ሁላችንም «አዴር» ነው የምንላቸው። አዴር ማለት በሶማሊኛ የአባት ወንድም ነው፤ ጅግጅጋ ውስጥ የሚከበር ሽማግሌ ሁሉ አዴር ይባላል። የመጀመሪያው ቀን ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ልጅቷ ገና ሳትቀመጥ፣ «ቲቸር፣ አሰብሽ?» አለችኝ።

ሳምንቱን ሙሉ አስቤ ነበር። የማምንበት መልስ ግን አላገኘሁም። አፌን ከፍቼ ስፈልግ፣ አዴር ዓይናቸውን ሳይገልጡ ከኋላ በሶማሊኛ ተናገሩ።

«ማነሽ ልጄ፣ ትናንት ሕልም አይተሻል?»

«አዎ፣ አዴር።»

«ምን አየሽ?»

«ግመል። ቤታችን ጣሪያ ላይ ቆማ።»

«ጠዋት ስትነሺ ግመሏ ነበረች?»

«አልነበረችም።»

«እንግዲያው ዋሸሽ ማለት ነዋ።»

ልጅቷ ቆጣ አለች። «አልዋሸሁም። አይቻታለሁ።»

«ይኸውልሽ» አሉ አዴር። «ሕልምን ሰው ለብቻው ነው የሚያየው። መምህርሽ ሁላችሁም አንድ ላይ እንድታዩ ነው የፈለገችው። ትንሽ ቆይታችሁ ትነቃላችሁ።»

ልጅቷ ትንሽ አሰበችና ሄዳ ቦታዋ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማይታየውን ሁሉ ትቀበል ነበር፤ ግን እንደ ሌሎቹ እየተጫወተች አልነበረም። የሌለ ብርጭቆ ስትይዝ በእውነት እንዳይሰበርባት ትጠነቀቃለች።

ያ ዓመት ዝናብ ደጋግሞ የቀረበት ነበር። ሰማዩ በየማለዳው ታጥቦ እንደተሰጣ ጨርቅ ንጹሕ ሆኖ ይነጋል፤ ሰውም ንጹሕ ሰማይ ማየት ሰልችቶታል። የገጠር ዘመድ ያላቸው ልጆች እንግዳ እየበዛባቸው ቤታቸው ጠቧል። ምን እንሥራ ብዬ ስጠይቃቸው ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ነገሩ ደመና ላይ ደረሰ። አንደኛው ልጅ ከአይሻ የመጣ ነው፤ ባቡር ከሚያልፍበት፣ ለጅቡቲ ከሚቀርበው ከተማ። «ደመና የሚወለደው ባሕር ላይ ነው» አለ፤ በጣም እርግጠኛ ነበር። «ጠዋት ጠዋት ከወዲያ በኩል ሲነሣ አይቻለሁ። ግን ወደኛ ሲመጣ መንገድ ይጠፋዋል።»

ታሪኩ ከዚያች ቃል ወጣ። አንዲት ደመና ከባሕር ተነሥታ ወደ ጅግጅጋ ትጓዛለች። መንገድ ይጠፋታል። አይሻ ላይ ባቡሩን ትጠይቃለች፤ ባቡሩ «እኔ የማውቀው ሐዲዱን ብቻ ነው» ይላታል። ኤረር ላይ ፍየሎቹን ትጠይቃለች፤ ፍየሎቹ እዚሁ ቅሪ ብለው ቀሚሷን ይዘው ይጎትቷታል። ነፋሱ ወደ ኋላ ይመልሳታል። በመጨረሻ ጅግጅጋ ትደርስና ትዘንባለች። ለዝናቡ ድምፅ ልጆቹ በቆሎ የተጨመረባቸው የፕላስቲክ ጠርሙሶች አዘጋጁ፤ ለነጎድጓዱ አንድ የተጣመመ ቆርቆሮ ከግቢው ጥግ ተገኘ። ለደመናዋ እኔ ከቤቴ አሮጌ ነጭ አጎበር አመጣሁ።

ደመና መሆን ያልፈለገ አልነበረም። አንድ በአንድ አጎበሩን እያለበስኩ ከበሩ እስከ ሰሌዳው እንዲሄዱ አደረግኋቸው። ሁሉም ሮጡ። እጃቸውን እያርገበገቡ፣ «ቩ» እያሉ፣ ወንበር እየገጩ። ልጅቷ ተራዋ ሲደርስ አጎበሩን ራሷ ላይ አድርጋ በሩ ጋ ትንሽ ቆመች። ከዚያ መራመድ ጀመረች። በጣም ቀስ ብላ ነው፤ ወገቧ ሳይነቃነቅ፣ አንገቷ ቀጥ ብሎ፣ አንዳች የሞላ ነገር እንደያዘ ሰው። አጎበሩ ከኋላዋ እየተነፈሰ ይከተላታል። የከሰዓቱ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ በላዩ ስታርፍበት ልጅቷ ከውስጥ ጠፋች፤ የሚሄደው ብርሃኑ ብቻ ሆነ። ወደ ኋላ ስመለከት አዴር ዓይናቸውን ገልጠዋል።

«እንዲህ መራመድ ከየት ተማርሽ?» አልኳት።

«ውኃ ስሸከም እንዲህ ነው የምሄደው» አለች። «ካለበለዚያ ይፈሳል።»

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ዛሬ ሳስባቸው አንድ ረጅም ከሰዓት ይመስሉኛል። ከትምህርት በኋላ ግቢው ባዶ ይሆናል፤ የመስጊዱ አዛን ከሩቅ ይሰማል፤ ልጆቹ የሚሰግዱት ሰግደው ይመለሳሉ። እኔ አማርኛውን እጽፋለሁ፤ እነሱ እስከ ግማሹ በአማርኛ ይሄዱና ስሜት ሲይዛቸው ሶማሊኛው ያመልጣቸዋል። መጀመሪያ መጀመሪያ አርም ነበር። በኋላ ተውኩት። ፍየል ለመሆን በአራት እግሩ የተንበረከከ ልጅ ሰዋስው ልታርመው ስትል አያይህም። ወደ ቤቴ ስሄድ ከተማው ራሱ ልምምድ ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር። ባጃጁን የሚያዞረው ሰውዬ፣ ሐብሐብ የምትመትረው ሴት፣ ድንኳኗን የምትጠቀልለው የጨርቅ ነጋዴ፣ ሁሉም አንድ ሰው «እንደገና እንየው» ብሎ ያዘዛቸው ይመስላሉ።

አንድ ቀን ልምምድ ላይ እያለን በሩ ላይ ሰው ቆመ። ረጅም ነው፤ ሽርጥ ታጥቋል፤ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ለብሷል። ልጅቷ አጎበሩን ቶሎ ከራሷ ላይ አወረደች። አባቷ ነበር። ወጥቼ ግቢው ውስጥ አነጋገርኩት።

«መምህር» አለኝ፤ አማርኛው በመንገድ የተማረው፣ ቆራጥ አማርኛ ነው፤ «ልጄ ቤት ውስጥ ደመና ነኝ ትላለች። አንቺ ነሽ ያስተማርሻት?»

«ቲያትር ነው፣ ወንድሜ። ልጆቹ እንዲናገሩ ብለን…»

«እኔ ሥራዬ የውኃ ቦቴ መንዳት ነው» አለ፤ አላስጨረሰኝም። «ከተማ እሞላለሁ፣ ወደ ገጠር እወስዳለሁ። ስደርስ ሰው ይሮጣል። ሕፃን ይሮጣል፣ አሮጊት ትሮጣለች። ለግማሹ ይደርሳል። ለግማሹ አይደርስም። ያልደረሰው ሰው አይሳደብም፤ ቆሞ ያየኛል። እኔ ያንን ዓይን ይዤ ነው የምመለሰው። አንቺ ደግሞ ልጄን አጎበር አልብሰሽ ዝናብ አምጪ ትያታለሽ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በሌላ ነገር ዋሹ። በዝናብ አይዋሽም።»

አዴር ስለ ሕልም የተናገሩትን ልነግረው አሰብኩ። ግን ቅንድቡ ላይ ያለውን አቧራ አየሁና ተውኩት። «ይቅርታ» ብቻ አልኩት። ልጁን እጇን ይዞ ሄደ።

ክፍሉን ዘግቼ አዴርን ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ሥር አገኘኋቸው። የተባልኩትን ነገርኳቸው።

«ሰውየው ልክ ነው» አሉ።

«እንግዲያው እንተወው?»

«ለምን እንተዋለን?» ከዘራቸውን መሬት ላይ ጎተት አደረጉ። «ደመናዋ ትምጣ እንጂ። እስክትደርስ ድረስ ያለው የኛ ነው። መዝነቡን ለባለቤቱ እንተውለት።»

ልጆቹን ማሳመን ግን ቀላል አልሆነም። ባቡር የሆነው የአይሻው ልጅ ጠርሙሱን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ «ዝናብ ከሌለ ቲያትሩ ምን ያደርጋል?» ብሎ ሊያለቅስ ደረሰ። የሰማችኝ ልጅቷ ናት። አባቷ ለአራት ቀን አስቀርቷት፣ ዝናቡ መቅረቱን መልእክት ብልክለት መልሶ ልኳት ነበር። «ደረስኩ እላለሁ» አለች። «ከዚያ ዝም እላለሁ።» አጎበሩን አነሣችና አሳየችን። ሰሌዳው ጋ ደርሳ፣ «ደረስኩ» ብላ ዝም አለች። የአይሻው ልጅም ያቀፈውን ጠርሙስ መሬት ላይ አስቀመጠ።

በትምህርት ቤቱ ግቢ ለወላጆች አሳየን። ሰው ወደደው፤ ርዕሰ መምህሩም መጋረጃ የሌለበትን ቲያትር አይቶ ተገረመ። የልጅቷ አባት መንገድ ላይ ስለነበረ አልመጣም። በሳምንቱ ርዕሰ መምህሩ ጠርቶ፣ አውበሬ አንድ ጓደኛው ትምህርት ቤት እንደሚያስተዳድርና እኛን እንደጋበዘን ነገረኝ። አውበሬ ከጅግጅጋ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ ድርቁ ክፉኛ ያገኘው አካባቢ። ያለ አባቷ ፈቃድ ልጅቷን መውሰድ ስለማልችል፣ ቦቴዎቹ ውኃ ከሚሞሉበት ቦታ ድረስ ሄድኩ። ቱቦው ላይ ቆሞ አገኘሁትና ቦታውንና ቀኑን ነገርኩት።

«አውበሬ?» አለ። «እዚያ ሄዳችሁ ደመና ልትሆኑ?»

«አትዘንብም።»

«ታዲያ ምን ትላለች?»

«ደረስኩ ትላለች። ከዚያ ዝም ትላለች።»

ጎንበስ ብሎ ቱቦውን አስተካከለ። ውኃው ታንከሩ ውስጥ ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ በመካከላችን ነበር። «ያን ቀን ወደዚያ ጭነት አለኝ» አለ በመጨረሻ። «እኔም አየዋለሁ።»

በማለዳ በሚኒባስ ተነሣን። ሜዳው ገርጥቶ፣ ዳር ድንበሩ ጠፍቶ፣ የት ላይ ከሰማይ ጋር እንደሚገናኝ አይለይም። አልፎ አልፎ ጎድናቸው የሚቆጠር ከብቶች መንገዱ ዳር ቆመው መኪናችንን ያያሉ። ልጆቹ ከጅግጅጋ እስክንወጣ ሲዘፍኑ ቆዩ፤ ከብቶቹን ሲያዩ ወደ መስኮቱ ተጠጉ።

የአውበሬው ትምህርት ቤት በእሾህ የታጠረ ሰፊ ግቢ ነበረው። ስንደርስ ተማሪዎችና ጥቂት መምህራን ብቻ ነበሩ። ትንሽ ቆይቶ ከመንገዱ አቧራ ተነሣ፤ ቦቴው መጣ። ከኋላው ሰው መጣ። ከየት እንደወጣ አላውቅም፤ ባዶ ከመሰለው ሜዳ ሴቶች፣ ሽማግሌዎች፣ ልጆች ቢጫ ጀሪካን ይዘው ፈለቁ። አባትየው ወርዶ ወደ እኔ መጣ።

«መጀመሪያ ውኃ» አለኝ።

«መጀመሪያ ውኃ» አልኩት።

እስኪቀዳ ጥላው ዞረ። የዚያን ቀን እንደ ዕድል ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ደረሰ። ከዚያ አዴር ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ መሐል ወጡና፣ ልጆች የሚያሳዩት ነገር ስላለ እንዳይሄዱ ለመኗቸው። ሰዉም ጀሪካኑን ክብ አድርጎ ደረደረና ተቀመጠበት። በሙሉ ጀሪካን ላይ የተቀመጠ ተመልካች ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም።

ልጆቹ አማርኛዬን ሙሉ በሙሉ ጣሉት። ማንም አላዘዛቸውም፤ ሰዎቹን ሲያዩ አፋቸው ራሱ ሶማሊኛ ሆነ። እኔ ከጻፍኩት በጣም ያምር ነበር። ባቡሩ ፉጨቱን ሲያሰማ ሽማግሌዎች ሳቁ። ፍየሎቹ ደመናዋን ሲጎትቱ አንዲት እናት «ልቀቋት!» ብላ ጮኸች። እኔ ግድግዳው ጥግ ቆሜ፣ ምንም ሥራ የሌለኝ ሆኜ፣ የሰው ሕልም ውስጥ እንደገባ ሰው ዝም ብዬ አያለሁ። ነጩ አጎበር በዚያ ሁሉ ቡናማ ምድር ላይ ብቻውን ይሄዳል። ልጅቷ ክቡን ዞራ መሐል ላይ ደረሰችና ቆመች።

«ደረስኩ» አለች።

ዝም አለች።

ያኔ ፊት ለፊት ከተቀመጡት አንዲት ሴት ተነሡ። በጣም ያረጁ ናቸው፤ ለመነሣት ጀሪካናቸውን ተደገፉ። ቀጥታ ደመናዋን ነበር የሚያዩት።

«የት ቆየሽ?» አሏት።

ይህ የትም አልተጻፈም። ወደ ልጅቷ ልሮጥ አልኩና አዴር በከዘራቸው መንገዴን ዘጉት። ሴትየዋ ደገሙ፤ «እኛ ስንጠብቅሽ፣ ከብቱም ሲጠብቅሽ፣ የት ቆየሽ?»

ልጅቷ ወደ እኔ አላየችም። አጎበሩ ውስጥ ሆና፣ ቀስ ብላ መለሰች። «አዬዮ» አለች፤ አያቴ ማለቷ ነው፤ «መንገድ ይዞኝ ነው። አልረሳኋችሁም። የያዝኩት ትንሽ ነው፤ ለሁላችሁ እንዴት እንደማደርስ ሳስብ ነው የዘገየሁት።»

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው የጀሪካናቸውን ክዳን ፈቱ። ከመቀነታቸው ሥር የፕላስቲክ ኩባያ አወጡ፤ ቀስ አድርገው ቀዱ። ጠብታ አላፈሰሱም።

«ደክሞሻል» አሉ። «እንኪ፣ ጠጪ።»

ልጅቷ አጎበሩን ከፊቷ ገለጠች። መሬት ላይ ተቀመጠች። «ቢስሚላህ» ብላ ኩባያውን በቀኝ እጇ ያዘችና በሦስት ጉንጭ ጨረሰችው። በሁለት እጇ መለሰችላቸው። አላጨበጨበም ማንም። ማለቁንም ያወቀ አልነበረም፤ እኛም አላወቅንም። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። ሰዉ ሁሉ፣ ልጆቹም፣ ባቡሩም ፍየሎቹም፣ መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርገው «አሚን» አሉ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ እጄ ግን ከሁሉም ጋር ተዘርግቶ ነበር።

አባትየውን ፈለግሁት። ቦቴው አጠገብ ቆሟል። ፊቱን አዞረና ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርግ ጀመር፤ ጎማው ምንም አልሆነም ነበር።

ስንመለስ ልጅቷ ከአባቷ ጋር ልሂድ አለች፤ እኔንም አብሬያቸው እንድሄድ ለመነችኝ። ሌሎቹ ከአዴር ጋር በሚኒባሱ ሄዱ፤ እኛ ሦስታችን ጋቢና ተቀመጥን፤ ከኋላችን ባዶው ታንከር ይንኳኳል። ብዙ ከሄድን በኋላ በሶማሊኛ ጠየቃት፤ እኔ እንደምሰማ ያውቃል።

«ያንን መልስ ማን አስተማረሽ? መምህርሽ ናት?»

«አይደለችም።»

«አዴር ናቸው?»

«አይደሉም።» ልጅቷ አጎበሩን ጭኗ ላይ እያጠፈች ነው። «አንተ ነህ፣ አባ። ሰዎቹ ሲደውሉልህ እንዲህ ነው የምትላቸው።»

መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ፊት ፊቱን አየ። ፀሐይዋ ከካራማራ ተራራ በስተጀርባ እየገባች ነበር፤ ሜዳው ሁሉ የማር መልክ ይዟል። የከተማው ቤቶች መታየት ጀመሩ።

«መምህር» አለኝ ያኔ፣ በአማርኛ። «ዋሽታለች?»

መልስ ከማሰናዳቴ በፊት ራሱ መለሰው። «አልዋሸችም» አለ።

ዝናቡ ከሳምንታት በኋላ መጣ፤ ብዙ አልነበረም፤ ለአንዳንዱ ከብትም ዘግይቶ ነበር። የመጣው በትምህርት ሰዓት ነው። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ልጆቹ ወጥተው ልጅቷን ከበቧት፤ አንቺ ነሽ ያመጣሽው ይሏታል። እሷ ተቆጣች። «እኔ አይደለሁም! እኔ ልጅ ነኝ!» እያለች ጮኸች፤ ከዚያ ከሁሉም ብሳ ጭቃ ውስጥ ዘለለች። ዛሬ ቁመቷ ከኔ በልጧል። ምን መሆን ትፈልጊያለሽ ስላት ተዋናይት ትለኛለች ብዬ ነበር፤ «ሹፌር» አለችኝ። አባቷ አጠገቧ ቆሞ ስለነበረ ሳቁን መያዝ አቃተው።

አዴር ጡረታ ወጥተው ወደ ትውልድ ቦታቸው ወደ ኤረር ተመለሱ። ለብዙ ጊዜ በስልክ ብቻ ነበር የምንገናኘው። ባለፈው ዓመት ሲደውሉ ድምፃቸው የወጣት ሆኖ ነበር፤ የሠፈር ልጆች ሰብስበው ቲያትር እያዘጋጁ ነው። «ነይና እዪ» አሉኝ። በሐረር በድሬዳዋ ዞሬ ሄድኩ። ስደርስ ልጆቹ ከብርቱካን ዛፎች ሥር ተሰብስበዋል። ቦርሳዬን አስቀምጬ፣ እንደ ልማዴ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ልብስ የሚያስተካክል፣ የረሳውን የሚያስታውስ ሰው ይፈልጉ እንደሆነ ልጠይቅ ሄድኩ።

አዴር ከዘራቸውን አነሡና ከፊት ያለውን ምንጣፍ አሳዩኝ።

«ምንም አትሠሪም፣ ልጄ» አሉ። «ጫማሽን አውልቂና ተቀመጪ።»

ጫማዬን አወለቅሁ። ከሁለት ትንንሽ ልጆች መካከል ተቀመጥኩ፤ አንደኛዋ ሳታየኝ ጉልበቴን ተደገፈች። ከዛፎቹ መካከል አንዲት ልጅ ወጣችና ፊቷን ቀስ ብላ ወደ ግራ አዞረች፤ እኔም አብሬያት ዞርኩ።